አይጥ ያወጣችው ድንጋይ

እህ ብላችሁ ስሙኝ። በደቡብ ሕንድ፣ በታሚሎች አገር፣ ሩዝ በሚዘራበት ማሳ ውስጥ የሜዳ አይጥ ጉድጓዷን ስትምስ አፈሩን ወደ ውጭ ትገፋዋለች። ከአፈሩ ጋር ድንጋይ ይወጣል። ቡናማ ነው፤ ግራጫ ነው፤ አንዳንዴም ደፍረስ ያለ ቀይ። እኔና እናንተ ብናየው ረግጠነው እናልፋለን። አገሬው ግን አያልፈውም። ያነሳዋል፣ ይወቅጠዋል፣ ብረት ይወለውልበታል። ዕንቁ ጠራቢውም ዱቄቱን ከቀለጠ ሙጫ ጋር ለውሶ ክብ ሞረድ ይሠራበታል። ለድንጋዩ ስም አወጡለት፤ ኩሩንዳም አሉት። በሳንስክሪትም ኩሩቪንዳ የሚል ዘመድ ስም አለ፤ እሱ ደግሞ የቀዩ ዕንቁ ስም ነው።

ዛሬ ኮረንደም የምንለው ማዕድን ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ሰዎች አፍ ነው። የአይጧን ነገር ለአውሮፓ የነገረው ጆን ውድዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ከዓለም ዙሪያ ድንጋይ እያስመጣ ይሰበስብ ነበር። በ1728 በታተመው የስብስቡ መዝገብ ላይ፣ ኮሪቪንዱም የሚባለው ድንጋይ ከሩዝ ማሳ እንደሚገኝ፣ የሜዳ አይጥም እየማሰች እንደምታወጣው፣ ብረትም እንደሚወለወልበት ጻፈ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እየጠራሁላችሁ ነውና በዚያው ያዙልኝ።

እኔ ግን የምወስዳችሁ ወደ ለንደን አይደለም። ወደ ሆላንድ ነው የምንሄደው፤ ወደ አምስተርዳም፣ ወደ ሄግና ወደ ሮተርዳም። ሆላንድ ከምድሯ ኮረንደም ቆፍራ የምታወጣ አገር አይደለችም። መሬቷ ጭቃ፣ አሸዋና ረግረግ ነው። አምስተርዳም ራሷ የቆመችው ረግረጉ ውስጥ በተተከለ ግንድ ላይ ነው። እንዲህ ያለች አገር በሰው አገር ድንጋይ እንዴት ሠርታ እንዴት እንዳደረች፣ እሱን ነው የምተርክላችሁ።

በ1602 የሆላንድ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አዋጡና የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚሉትን አቋቋሙ። ዋና ቤቱ አምስተርዳም ነበር፤ ሕንጻው ዛሬም ቆሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይማሩበታል። ኩባንያው መርከብና መድፍ ነበረው። በ1658 ናጋፓትናም የምትባለውን የታሚሎች የወደብ ከተማ ከፖርቱጋሎች ነጠቀ፤ በዚያው ዓመት የሴሎን ሰሜናዊ ጫፍ የሆነችውን ጃፍናንም ያዘ። ሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሰማያዊ ሰንፔር ከወንዝ ጠጠር መካከል እየታጠበ የሚለቀምባት ደሴት ናት። ኩባንያው ደሴቲቱን አጥብቆ የፈለጋት ለቀረፋዋ ቢሆንም፣ ከቀረፋው አገር ሰንፔር፣ ከማዶው የሕንድ ጠረፍ ደግሞ የኩሩንዳም አገር በር በእጁ ገባ። ፊሊፑስ ባልዴዎስ የሚባል ጃፍና የኖረ ቄስ በ1672 አምስተርዳም ላይ ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ስለዚያ አገር ይተርካል፤ የታሚልን ፊደልም ለአውሮፓ አንባቢ አሳይቷል።

በዚያው መቶ ዓመት የጎንደር ነገሥታትም ይህን ኩባንያ ያውቁት ነበር። ኮጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ የእነሱን መልእክት ይዞ ባታቪያ ድረስ ተጉዟል። ባታቪያ የዛሬዋ ጃካርታ፣ የኩባንያው የእስያ ዋና ከተማ ነበረች። እንግዲህ ቤተ መንግሥታችን ከአምስተርዳም ነጋዴ ጋር መላላክ የጀመረው ገና ያኔ ነው።

ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ኮረንደም ከምን ተሠራ ብትሉ፣ የወጥ ድስታችን ከሚሠራበት ከአሉሚኒየምና ከምንተነፍሰው ከኦክስጅን ነው። ሁለት እጅ አሉሚኒየም ለሦስት እጅ ኦክስጅን፤ ሌላ የለውም። ንጹሕ ሲሆን ቀለም የለሽ ነው። ጥቂት ክሮሚየም ከገባበት ቀይ ይሆናል፤ ሩቢ እንለዋለን። ብረትና ታይታኒየም አብረው ከገቡበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰንፔር እንለዋለን። በጥንካሬ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ በ1812 ባወጣው መለኪያ አልማዝ አሥር ነው፣ ኮረንደም ዘጠኝ። ብረትም ብርጭቆም የባልጩት ድንጋይም በፊቱ ይሸነፋሉ።

ሰንፔር ስል መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ጆሯችሁ እንደሚቆም አውቃለሁ። በዘጸአት፣ በካህኑ ልብሰ እንግድዓ ላይ ሰንፔር አለ፤ በዮሐንስ ራእይ በአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረት ላይም አለ። የጥንቶቹ ግሪኮችና ሮማውያን ግን ሰንፔር ብለው የጻፉት ወርቃማ ነቁጥ ያለበትን ሰማያዊ ድንጋይ ነው፤ ይህ ደግሞ ከአፍጋኒስታን ተራሮች የሚመጣው ላፒስ ላዙሊ እንጂ ኮረንደም አይደለም። በዚያው ራእይ ያክንት የሚባለውን ታስታውሳላችሁ? ያ ስም ከግሪኩ ሂያኪንቶስ የመጣ ነው፤ ዐረቦቹ ተቀብለው ያቁት አሉት። አል ቢሩኒ የተባለው ሊቅ ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀዩንም ቢጫውንም ሰማያዊውንም ነጩንም ያቁት ብሎ በአንድ ስም ሰብስቧቸዋል። አውሮፓ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቆይታ የደረሰችበትን እሱ በዓይኑና በሚዛኑ ደርሶበት ነበር።

አሁን አምስተርዳም ገብተናል። ከተማዋ በስደት የመጡትን የፖርቱጋልና የስፔን አይሁድ ተቀበለች። ብዙ የእጅ ሙያ ማኅበራት ለአይሁድ በራቸውን ዘግተው ነበር፤ የዕንቁ ሥራ ግን ማኅበር ስላልነበረው ክፍት ሆኖ ቆየ። በዚያ በር ገቡ። አይሁዳውያን ስለ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ የሚተርኩት አንድ ነገር አላቸው፤ ቤተ መቅደሱ ሲሠራ የብረት መሣሪያ ድምፅ እንዳይሰማ ስለተከለከለ፣ ሰሎሞን ድንጋዩን ያስፈለጠው ሻሚር በሚባል ተአምረኛ ነገር ነው ይላሉ። ይህ ሻሚር የሚለው ቃል ከግሪኩ ስሚሪስ ጋር ዝምድና እንዳለው ሊቃውንት ይናገራሉ። ስሚሪስ ማለት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ከናክሶስ ደሴት የሚቆፈረው ጥቁር የመሞረጃ ድንጋይ፣ ኤመሪ ነው። ሆላንዶች አማሪል ይሉታል። ኤመሪ ምንድን ነው? ኮረንደም ከብረት ማዕድን ጋር ተደባልቆ የተጋገረ ነው። ይህን በ1802 ስሚትሰን ቴናንት የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት አረጋገጠ። እስከዚያ ድረስ የናክሶሱ ጥቁር ድንጋይና የታሚሎቹ ቡናማ ድንጋይ ወንድማማች መሆናቸውን አውሮፓ አታውቅም ነበር።

ከእነዚያ ስደተኞች ቤት በ1632 አንድ ልጅ ተወለደ። ባሩክ ስፒኖዛ ይባላል። አባቱ ነጋዴ ነበር። ልጁ ግን ስለ እግዚአብሔርና ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስበው ከማኅበሩ ጋር አልገጠመም። በሐምሌ 1656 ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ አወገዙት፤ ማንም እንዳያናግረው፣ ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድር አዘዙ። ንግዱንም ተወ። ለእንጀራው የያዘው ሙያ ሌንስ መሞረድ ሆነ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሄግን የምናውቃት በፍርድ ቤቷ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ በሚያዝያ 2002 ከዚያ ሲነበብ በየቤታችን ሬዲዮ ከፍተን የሰማን ብዙ ነን። እኔ ግን አንድ ጊዜ ፓቪልዮንስኽራኽት ወደሚባለው ጎዳናዋ ላስገባችሁ። ስፒኖዛ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት የኖረው እዚያ፣ የአንድ ሠዓሊ ቤት ተከራይቶ ነው። ቤቱ ዛሬም አለ። በሩ አጠገብም በ1880 የቆመ ሐውልቱ አለ።

ሌንስ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ይህን ሳትሰሙ ሰውየውን አታውቁትም። ክብ ብርጭቆ ትይዛላችሁ። ጎድጎድ ያለ የብረት ሳህን አለ፤ ጉድጓዱ የሚፈለገው ሌንስ ልክ ነው። በሳህኑ ላይ አሸዋ ወይም የኤመሪ ዱቄትና ውሃ ይደረጋል። ብርጭቆው ተጭኖ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። መጀመሪያ ሻካራው ዱቄት፣ ቀጥሎ ላም ያለው፣ ቀጥሎ ከዚያ የላመው። ላም ያለውን ለማግኘት ዱቄቱን በውሃ ይበጠብጡታል፤ ሻካራው ቶሎ ይዘቅጣል፣ ደቃቁ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ያን ድፍርስ ውሃ ቀድተው እንደገና ያዘቅጡታል። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። አንዲት ሻካራ ቅንጣት ሾልካ ብትገባ የቀኑን ድካም ትሰነጥራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ የኤመሪና የብርጭቆ ብናኝ ይነሳል፤ ሠራተኛው ይስበዋል።

ስፒኖዛ በዚህ ሥራ ስም አወጣ። የሄጉ ተወላጅ ክርስቲያን ሆይገንስ፣ ከወንድሙ ጋር ራሱ በሞረደው ሌንስ በ1655 የሳተርንን ትልቋን ጨረቃ ያገኘው ሊቅ፣ የስፒኖዛ ሌንሶች አወላወል እጅግ ግሩም መሆኑን ለወንድሙ በደብዳቤ መስክሯል። ሆይገንስ የባለሥልጣን ልጅ፣ የባለጸጋ ቤት ሰው ነው። ስፒኖዛ የተከራየ ክፍል ያለው የተወገዘ ሰው ነው። በ1673 የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሁን ብሎ ጠራው፤ ሐሳቤን በነጻነት ላልናገር እችላለሁ ብሎ ሰግቶ አልሄደም። ሞረዱን መረጠ። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ በመብላቱ አንደበቱን ነጻ አወጣ። በየካቲት 1677 በሳንባ ሕመም አረፈ፤ ዕድሜው 44 ነበር። ሕመሙን የብርጭቆው ብናኝ አባብሶታል የሚሉ ብዙ ናቸው። ከሞተ በኋላ ከመጻሕፍቱ ጋር የመሞረጃ ዕቃዎቹም በጨረታ ተሸጡ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሊቃውንቱ ነገሩን ገጣጠሙት። በ1798 ቻርልስ ግሬቪል የተባለ የለንደን ሰብሳቢ ከእስያ ስለመጣው ኮረንደም ጽሑፍ አወጣ። በ1802 ከፈረንሳይ አብዮት የሸሸው ኮምት ደ ቡርኖን ያን ግራጫ ኮረንደም፣ ቀዩን ሩቢና ሰማያዊውን ሰንፔር ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመረ። ክሪስታላቸው አንድ፣ ክብደታቸው አንድ፣ ጥንካሬያቸው አንድ። አንድ ማዕድን ናቸው ብሎ ጻፈ። የሦስቱም የወል ስም ሆኖ የጸናው የለንደኑ ሰው ስም አልሆነም፤ የንጉሡ ዕንቁ ስምም አልሆነም። የሩዝ ገበሬው ኩሩንዳም የቤተሰቡ ሁሉ ስም ሆነ።

ሚያዝያ 30 ቀን 2013 አምስተርዳም ላይ፣ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ቪለም አሌክሳንደር ሲነግሥ ሚስቱ ማክሲማ ሰማያዊ ለብሳ ገባች። በራሷ ላይ የነበረው በ1881 ለንግሥት ኤማ የተሠራው የሰንፔርና የአልማዝ አክሊል ነው። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። ያ ሰማያዊ ድንጋይ ስፒኖዛ በሳንባው ከሳበው ጥቁር ብናኝ ጋር አንድ ሥጋ ነው።

የአምስተርዳም ጠራቢዎች ስማቸው የገነነው በአልማዝ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ትረካ ስለሆነ አላቆያችሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ በ1894 ሠራተኞቹ ሄንሪ ፖላክ በሚባል ሰው መሪነት ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበራቸው በሆላንድ የሠራተኛ መብት ታሪክ ግንባር ቀደም ሆነ። ከአባላቱ እጅግ ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ከሆላንድ አይሁድ ከ100,000 በላይ ገደሉ። ለሦስት መቶ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ሙያ ከባለሙያዎቹ ጋር ወደ ሞት ካምፕ ተጫነ። ማኅበሩ በ1900 ያሠራው ሕንጻ ዛሬም በፖላክ ስም በተጠራው ጎዳና ላይ ቆሟል።

አሁን ሮተርዳም። ወደቡን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከከተማው እስከ ባሕሩ በአሥሮች ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ የመርከብ፣ የታንከርና የጭስ ማውጫ አገር ነው። ቦትሌክ በሚባለው ክፍሉ አልማቲስ የሚባል ፋብሪካ አለ። እስከ 2004 የአሜሪካው አልኮዋ ኩባንያ አካል ነበር። እዚያ የሚሠራው ኮረንደም ነው። ነጭ የአሉሚና ዱቄት፣ ያው የአሉሚኒየምና የኦክስጅን ውህድ፣ በእንክብል መልክ ይጠቀለልና ከ1800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት ይጋገራል። ሳይቀልጥ፣ ሊቀልጥ ትንሽ ሲቀረው፣ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ሰፌድ ሰፌድ የሚመስሉ የኮረንደም ክሪስታሎች ይሆናሉ። አይጧ የወረወረችውን ድንጋይ ምድር በሚሊዮን ዓመታት ጋገረችው፤ ሮተርዳም በሰዓታት ትጋግረዋለች።

ለምን ይሆናል? ለአክሊል አይሆንም። ለእሳት ነው። ብረት ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ የሚንቀለቀለው ብረት የሚቀዳበት ግዙፍ ባልዲ አለ፤ ያ ባልዲ ራሱ ብረት ነውና ውስጡ ካልተለበጠ አብሮ ይቀልጣል። የሚለበጠው እሳት በማይበግረው ጡብና ሲሚንቶ ነው፤ የዚያ ጡብ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ደግሞ ይህ የተጋገረ ኮረንደም ነው። የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው፤ የብረት ማቅለጫ እዚያ አይደርስም። የቤታችን የኮንክሪት ብረት፣ የመኪናችን ሻንሲ፣ ብዙው ብረት ወደ እኛ ሳይደርስ በእንዲህ ያለ ባልዲ ተቀድቷል።

አሉሚናውስ ከየት ይመጣል? ከቦክሳይት፤ ከቀይ አፈር። ሆላንድ ቦክሳይትም የላትም፤ ቅኝ ግዛቷ ሱሪናም ግን ነበራት። አልኮዋ በ1916 ሱሪናም ውስጥ ኩባንያ አቋቁሞ ቀዩን አፈር ይዝቅ ጀመር። በ1960ዎቹ ለአሉሚኒየም ማቅለጫው ኤሌክትሪክ ሲባል አፎባካ ላይ ግድብ ተሠራ፤ ውሃው የሣራማካ ሕዝብ መንደሮችን ዋጠ። እነዚህ ሰዎች አያቶቻቸው ከሆላንዶች የባርነት እርሻ አምልጠው ጫካ ውስጥ ነጻነታቸውን ያቆሙ ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩት ከቤታቸው ተነሱ። ሱሪናም በ1975 ነጻ ስትወጣ እጅግ ብዙ ሕዝቧ ወደ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ሄግ ተሰደደ፤ የአልኮዋ የአሉሚና ፋብሪካም በ2015 ተዘጋ። አፈሩ ሄደ፣ ሰዉ ሄደ፣ ውሃው በመንደሩ ላይ ቀረ። ይህን በደል ሳልናገር የሮተርዳምን እሳት ብቻ ማድነቅ አይሆንልኝም።

ይህ ድንጋይ ከእኛም ቤት ሩቅ አይደለም። አናጢው የሚጠቀምበት ብርጭቆ ወረቀት፣ ብየዳ ቤት ፍንጣሪ የሚረጨው የግራይንደር ዲስክ፣ ላያቸው ላይ የተለጠፈው አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ምድጃ የቀለጠ ኮረንደም ነው። የዱሮውን ብርቱካናማ የመንገድ መብራት አስታውሱ። በውስጡ ያለው የሶዲየም ትነት ተራ ብርጭቆን ስለሚበላ፣ የሚይዘው ብርሃን ከሚያሳልፍ ከኮረንደም የተሠራች ትንሽ ቱቦ ናት። እሱን እየተካ ያለው ነጩ ኤል ኢ ዲም ከዚህ አያመልጥም፤ ሰማያዊ ብርሃን የምትሰጠዋ ክሪስታል ባብዛኛው የምትበቅለው በሰው ሠራሽ ሰንፔር ገበታ ላይ ነው። በግንቦት 1960 ቴዎዶር ሜይማን ያበራው የመጀመሪያው ሌዘርም ልቡ ሩቢ ነበር።

እንግዲህ ወደ ገዛ አፈራችን። በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ፣ ከአክሱም ሰሜን ምዕራብ ጭላ አካባቢ ሰንፔር ተገኘ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ያለበት ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ የተበተነ ስለሆነ የአካባቢው ሰው በእጁ እየቆፈረ፣ እያበጠረ ይለቅመዋል። ነጋዴ ደረሰ፤ ድንጋዩ በጥሬው ወደ ውጭ ወጣ። በ2020 ጦርነቱ መጣና ያ አገር የሆነውን ሁሉ ሆነ።

የእንዲህ ያለው ሰንፔር ጠባይ ጠቆር ማለት ነው፤ ብረት በዝቶበታል። ስለዚህ ከመጠረቡ በፊት ብዙ ጊዜ በእሳት ይታከማል። ከ1500 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ይገባል፤ አየሩ ይመጠናል፤ ሰዓቱ ይቆጠራል፤ ጥቁረቱ ይቀንሳል፣ ሰማያዊው ይጠራል። በዓለም ላይ በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆኑት ታይላንዶች ናቸው። የእነሱም ምድጃ ቢሆን ውስጡ የተሠራው ከአሉሚና ነው፤ ሰንፔሩ የሚጋገረው በዘመዱ ገንዳ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ምድጃ ግንብ የሚያህል ፋብሪካ አይፈልግም፤ አንድ ክፍል፣ አስተማማኝ መብራት፣ የሠለጠኑ ጥቂት ሰዎች ይበቁታል። አጠገቡ የመጥረቢያና የመወልወያ መንኮራኩሮች፣ እነሱን የሚያዞሩ ወጣቶች፣ ለወጣቶቹም የብናኝ መከላከያ ጭምብል። በወሎ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ፣ ኦፓሉ በ2008 ከተገኘ ወዲህ ጥረባ የተማሩ ልጆች አሉን፤ ለሰንፔርም እጃቸው አይከብድም። እኔ ያ ምድጃ አክሱም ላይ ተተክሎ ማየት እፈልጋለሁ።